ሦስት ሽማግሌዎች ለአንድ ሯጭ

በአማርኛ ዜና ሥራ ላይ ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሰው በር የማንኳኳው እኔ ነበርኩ። ያን አርብ ግን የተንኳኳው የእኔ በር ነው፤ የከፈተችውም እናቴ ናት። የሆነውን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ፤ ያየሁትን እንዳየሁት፣ ያላየሁትን ደግሞ የነበሩት ሰዎች እንደነገሩኝ።

ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ በሚባለው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ከእመት ትርንጎ ጋር እኖር ነበር። ከባሌ ከተለያየሁ ቆይቷል። ልጅ አልነበረንም፣ ጠብም አልነበረንም፤ ተለያየን፣ አለቀ። «ሌላ አታገቢም ወይ?» ለሚሉኝ «ያ ፋይል ተዘግቷል» እያልኩ እመልስ ነበር። ስናገረውም አያመኝም ነበር። እውነት ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ከሥራ ውጭ ሐሳቤን የያዘው ፋንታዚ ነበር። ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። አሜሪካኖች በእጅ እየታቀፉ የሚጫወቱት፣ ኳሱ እንቁላል የሚመስል ፉትቦል አላቸው። እኛ አሽዶድ ያለን አሥር ሰዎች በየዓመቱ እውነተኞቹን ተጫዋቾች እየተሻማን በስልካችን ላይ የየራሳችንን ቡድን እንሠራለን። ተጫዋቹ እዚያ ሜዳ ላይ ሲቀናው እኛ እዚህ ነጥብ እናገኛለን፤ ሲወድቅ አብረነው እንወድቃለን። ሊጋውን፣ ማለትም ይህን ውድድራችንን፣ ያቋቋመው ጦር ሠራዊት ሳለ ጨዋታውን ከአንድ አሜሪካዊ ጓደኛው የተማረ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እኔ የገባሁት ስለ እነሱ ዘገባ ልሠራ ነበር። ዘገባው ተላለፈ፤ እኔ ግን መውጣት አቃተኝ።

የእኔ ሙያ የወደቁ ሯጮችን መልቀም ነበር። ሯጭ የምንለው ኳሱን ታቅፎ ተቃራኒዎቹን ጥሶ የሚሮጠውን ነው። ሯጭ ጥቂት ጨዋታ ከከፋበት የያዘው ሰው ይሰድበዋል፣ ተስፋ ይቆርጥበታል፣ በሌላ ይለውጠዋል። እኔ እጄን የምዘረጋው ያን ጊዜ ነው። ከወደቁት መሀል ተመልሶ የሚነሳውን መለየት እችላለሁ ብዬ አምን ነበር። በየሐሙሱ ለሊጋው የስልክ ቡድን በድምፄ እንደ ዜና አነብላቸዋለሁ፤ ይኼኛው ይነሳል፣ ያኛው አይነሳም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው እያልኩ።

ከሁሉ ቀድሞ የሚመልስልኝ ፈንታሁን ነበር። ፈንታሁን ናማል ላይ፣ ማለትም ወደቡ ላይ፣ ክሬን ላይ ተቀምጦ ኮንቴይነር ከመርከብ የሚያወርድ ሰው ነው። እሱም እንደ እኔ ትዳሩን የፈታ ነው። «ጋዜጠኛዋ ዛሬም ሙት ልታስነሳ ነው» ይለኛል። «አንተ ኮንቴይነርህን አውርድ» እለዋለሁ። በዚያ ክረምት ግን የሚያወርደው አልነበረም፤ ወገቡን ታሞ ለወራት ቤት ተቀምጦ ነበር። ቤት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ለክርክር ጊዜ አያጣም።

ፈንታሁን አንድ ሯጭ ነበረው፤ ሁላችንም «ባቡሩ» እንለዋለን። ከተነሳ የሚያቆመው ስለሌለ ነው። በዚያ ዓመት ግን ባቡሩ ከጣቢያው አልነቃነቅ አለ። ፈንታሁን አንድ ሰኞ ጠዋት በብስጭት ለእኔ ሰጠኝና በምትኩ ጥሩ ኳስ ቀላቢ ወሰደ። ሐሙስ ላይ የባቡሩ ነገር እንዴት እንደሚስተካከል በድምፄ ሳስረዳ ሰማና ጸጸት ያዘው። «መልሺልኝ» አለ። በሊጋችን ሕግ ልውውጥ ከጸደቀ አይፈርስም። ሹፌሩ ግን ሕጉን ሲጽፍ ለቀልድ ያህል «ሽማግሌ ካልገባበት በቀር» የሚል ጨምሮበት ነበር። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ከፈንታሁን በቀር።

«ሽማግሌ እልክብሻለሁ» ብሎ ጻፈልኝ።

«ላክ!» አልኩት። ሳቅሁና ረሳሁት።

በማግስቱ አርብ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዘገባ እየቆራረጥኩ ነበር። እናቴ የሰንበቱን ምግብ አሰናድታ ጨርሳ ቤቱን ታስተካክላለች። ከጠዋት ጀምሮ የሕንፃው ማዓሊት ተበላሽቷል፤ አሳንሰሩን ማለቴ ነው። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ማዓሊቱ ቢሠራ ኖሮ ከዚህ በታች የምጽፈው አንዱም አይሆንም ነበር።

በሩ ሲንኳኳ እናቴ ከፈተች። ሦስት ሽማግሌዎች በነጭ ጋቢ፣ ከዘራና ጭራ ይዘው ቆመዋል። መሪያቸው አባ ዘለቀ ነበሩ፤ በሰፈራችን ያላስታረቁት ቤት የለም። አራት ፎቅ በእግር ወጥተው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። በወጉ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ የአባ ዘለቀ ጉልበት ግን ወግ የሚጠብቅበት አቅም አልነበረውም።

«እመት ትርንጎ... የመጣነው... ለጉዳይ...» አሉ በሩን ተደግፈው።

«ይረፉ! መጀመሪያ ይረፉ!» አለች እናቴ። «ጉዳዩን እንደሆነ አይቼ ለይቼዋለሁ። የላካችሁ ማን ነው?»

«ፈንታሁን።»

«የማን ልጅ?»

የአባቱን ስም ነገሯት። የአያቱን ጠየቀች፤ ነገሯት። ውሃ አቀረበችና የእናቱን ወገን ጠየቀች።

በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። በሁለቱም ወገን የዘር ሐረግ ይመዘዛል፤ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ የሚነካካ ከተገኘ ነገሩ እዚያው ይቀራል። አባ ዘለቀ በኋላ እንደነገሩኝ፣ መጀመሪያ እናቴ ዝምድና ፍለጋ የምትጨዋወት መስሏቸዋል። «አምስተኛው ላይ ስትደርስ ገባኝ» አሉ። «ግን እናትን አምስተኛው ላይ እንዴት ታስቆሚያታለሽ? ዓይኗን ብታይ አንቺም አታስቆሚያትም።»

እኔ ከክፍሌ የወጣሁት እልልታው ማዳመጫውን አልፎ ስለተሰማኝ ነው።

«ዝናሽ! ነፃ ነው!» አለች እናቴ እጄን ይዛ። «ሰባቱን ቤት ቆጠርን፤ በአንዱም አትነካኩም!»

«ማን?»

«ፈንታሁን ነዋ!»

አባ ዘለቀን አየኋቸው። እሳቸው ከዘራቸውን አዩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጣሪያውን አዩ። ነገሩ ባንዴ ገባኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ስልኳን አንስታ በረንዳ ወጣች። ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር ለምትኖረው እህቷ ስትናገር ከሳሎን ይሰማል፤ «አዎ፣ ሽማግሌ! አዎ፣ እሺ ብያለሁ!»

«አባ፣ ምን አደረጋችሁ?» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እኛ ምን አደረግን? አንድ ቃል አልተናገርንም» አሉ። «ልጄ፣ በወጉ የሴት ወገን መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ሁለተኛም ያስመልሳል። በዕድሜዬ ሳልጠይቅ ሲሰጠኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

«እንግዲህ እነግራታለሁ።»

«ንገሪያት። እኔ ግን ወደ ደረጃው ጠጋ ልበል።»

ቀልድ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል፤ ለእኔ ግን በዚያች ሰዓት ቀልድ አልነበረም። ከተለያየሁ ወዲህ እናቴ ስለ ትዳር አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እንደ እኔ እሷም የተወችው ይመስለኝ ነበር። ለካ ትጠብቅ ኖሯል። ያን ያህል ዓመት ስትጠብቅ፣ እንዳይከብደኝ ብላ ዝም ስትል። አሁን በረንዳው ላይ ቆማ ስትስቅ በጀርባዋ አየኋት፤ ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ ሌላ ሴት ትመስላለች። ያን ደስታ ከእጇ መንጠቅ አለብኝ። እሱም ቶሎ መሆን አለበት፤ ሽማግሌዎቹ ሰንበት ሳይገባ በመኪና ቤታቸው መድረስ አለባቸው፣ አክስቴ ደግሞ ወሬ የምታሳድር ሴት አይደለችም።

«ፈንታሁን የት ነው?» አልኳቸው።

«ታች፣ መኪናው ውስጥ።»

ደረጃውን ወረድኩ። ያካፋል። መስኮቱን ሳንኳኳ ዝቅ አደረገው። ወንበሩን አስተኝቶ ጎኑን ደገፍ ብሎ ተቀምጧል።

«ወገብህ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ዛሬ ሻል ብሎታል። ምን ተባለ? እሺ አልሽ?»

«እናቴ እሺ ብላለች።»

«በባቡሩ ነገር እናትሽ ምን አገባቸው?»

«በባቡሩ አይደለም። በእኔ ነው እሺ ያለችው።»

አየኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረና መሪውን ያዘ። «ኧረ አታስቂኝ፣ ወገቤን!»

«እኔ አልሳቅሁም።»

«ስንት ቤት ቆጠሩ?»

«ሰባት።»

«ሰባቱንም? እኔ ራሴ ከአራት በላይ አላውቅም እኮ!» ሳቁን ሲጨርስ ፊቴን አየና ተረጋጋ። «እናትሽ ደስ ብሏቸው ነበር?»

«እልል ብላለች።»

መኪናውን አጠፋ። «እኔ ነኝ የላክሁ፤ እኔው እነግራቸዋለሁ። ለአንቺ አይተውም ይኼ።»

«አራት ፎቅ ነው። ማዓሊቱ አይሠራም።»

«ለእናትሽ ስል እወጣለሁ። ባቡሩን ትመልሺልኛለሽ?»

«አልመልስም።»

በየፎቁ እያረፈ፣ በየዕረፍቱ ስለ ባቡሩ እየተከራከርን ወጣን። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ሞሮኳዊቷ ጎረቤታችን በሯን ከፍታ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ማዛል ቶቭ!» አለችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ መሆኑ ነው። ወሬው ከእኛ በፊት ደረጃውን ወርዷል።

ሳሎን ስንገባ እናቴ ነጠላዋን ቀይራ ጠበቀችን። ፈንታሁን ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል ወገቡ መንገድ ላይ ያዘው፤ መውረድም መነሳትም አቃተው። እናቴ ትከሻውን፣ እኔ ክንዱን ይዘን ቀና አደረግነው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ሽማግሌ የላክሁት ለጋብቻ አልነበረም። ዝናሽ አንድ የኳስ ተጫዋች ወስዳብኝ እሱን ታስመልስልኝ ብዬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ኳስ?»

«ኳስ ነው፣ እማዬ።»

«ሦስት ሽማግሌ ለኳስ?»

«እኛም እንዲሁ ብለን ጠይቀነው ነበር» አሉ አባ ዘለቀ ከበሩ አጠገብ። «ጠብ ጠብ ነው ብለን መጣን።»

እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እንዲያ ብታደርግ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ለጥቂት ጊዜ ጫፉን ስታስተካክል ቆየች።  በመጨረሻ ቀና ብላ «ይኼ ተጫዋች ምን ሆኖ ነው እንዲህ የምትጣሉበት?» አለች።

መልስ ያለው ጥያቄ በመምጣቱ ተነፈስኩ። «ሯጭ ነው፣ እማዬ። ከፍቶታል። ሰው ሁሉ አበቃለት ይላል፤ እኔ ግን ይነሳል እላለሁ። ሯጭ ሲወድቅ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ አካሉ ጤና ነው ወይ? ጤና ነው ተብሏል። ሁለተኛ፣ አሁንም ኳሱ ይሰጠዋል ወይ? አሠልጣኙ የተወው ሯጭ አይነሳም፤ ለዚህ ግን በየጨዋታው ይሰጡታል። ሦስተኛ፣ ፊት ፊቱ እየሄዱ መንገድ የሚከፍቱለት ትልልቆቹ ሰዎች አሉ ወይ? ሁለቱ ታመው ነበር፣ ዳኑ፤ በዚህ ሳምንት ይመለሳሉ።»

«ይኸው! የእኔም ነጥብ ይኸው ነው!» አለ ፈንታሁን።

«አንተ የሰማኸው ከእኔ ነው።»

«ሰው የሰጠውን ዕቃ ዋጋውን ከሰማ በኋላ መልሺ ማለት ነውር ነው?»

«ነውር ነው! ስትሰጠኝ "ውሰጂው፣ ይኼ ባቡር ሳይሆን አህያ ነው" አላልክም?»

«ተናድጄ ነዋ! አንቺ ስትናደጂ የምትይውን ላውጣው? ባለፈው ዓመት ያንን አጭሩን ሯጭ...»

«እሱን አታንሳው!»

እንዲህ እያልን ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሽማግሌዎቹን ረስተን፣ ድምፃችን ከፍ ብሎ፣ እሱ ወገቡን እኔ ጨዋነቴን ዘንግተን ነበር። ያስቆመን የእናቴ ድምፅ ነው።

«ዝናሽ፣ ከዚህ ሰው ጋር በየቀኑ ነው እንዲህ የምታወሪው?»

«በየሐሙሱ ነው፣ እማዬ።»

«በየቀኑ ነው» አለ ፈንታሁን።

ላርመው ስልኬን አነሳሁ። መረጃ ሳልይዝ አልከራከርም። መልእክቶቻችንን ወደ ኋላ አሳለፍኩ፤ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። አንድ ቀን የተዘለለ ፈልጌ አጣሁ። በሥራዬ ለአንዲት ደቂቃ ስሕተት እንኳ የምጠነቀቅ ሰው፣ ከማን ጋር በየቀኑ እንደማወራ አላውቅም ነበር።

«በየቀኑ ነው» አልኩ ስልኩን እያስቀመጥኩ።

እናቴ ወደ ፈንታሁን ዞረች። «አንተ ልጅ፣ እኔ ለሽማግሌ ቃል ሰጥቻለሁ። ልጅሽን አልፈልግም የምትል ከሆነ እዚሁ ፊቴ ተናገር፣ እኔም ለእህቴ ደውዬ ልንገራት።»

ፈንታሁን ወገቡን ይዞ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ግማሹ ሄደ፣ ግማሹ ቀረ።

«እማማ፣ አልፈልግም አልልም» አለ። «እንደ እሷ ልመልስ። አካሉ ጤና ነው ወይ? አሁን እንዳዩት ነው፤ ሐኪሙ ግን ድኗል ይላል። ኳስ ይሰጠዋል ወይ? በሚመጣው ሳምንት ወደ ክሬኔ እመለሳለሁ። መንገድ የሚከፍቱለት ሰዎች አሉ ወይ? ይኸው ሦስት ሽማግሌዎች በእግራቸው አራት ፎቅ ወጥተውልኛል።»

አባ ዘለቀ ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፈኑ። ሁሉም እኔን አዩ።

መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም። ባለሥልጣን ሲጮህብኝ፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሲጮህ በቀጥታ ስርጭት ስናገር ድምፄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። በዚያች ሰዓት ግን መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነበር የመጣልኝ።

«አራተኛ ጥያቄ አለኝ» አልኩት። «ይህን ሐሳብ ዛሬ ነው ያመጣኸው ወይስ ነበረ?»

«ነበረ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ሌላ ወሬ ብጀምር የባቡሩንም ወሬ ብታቆሚብኝስ ብዬ» አለ። ይህን ሲል የሚያየው እኔን ሳይሆን ወለሉን ነበር።

«የሚመጣው አርብ ና» አልኩት። «ያለ ሽማግሌ። ከእናቴ ጋር ራት እንበላለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።»

«ይኼ እሺ ነው እምቢ?» አለች እናቴ ለአባ ዘለቀ።

«እሺ ነው» አሉ አባ ዘለቀ ከዘራቸውን እያነሱ። «ከዚህ ያነሰ እሺ ሰምቼ የሠርግ ድግስ በልቻለሁ። የኳሱን ነገር አንፈርድም፤ ቤቱ አንድ ከሆነ ሯጩም የአንድ ቤት ነው። አሁን ልቀቁን፤ ሰንበት ሊገባብን ነው፣ ደረጃውም ይጠብቀናል።»

ፈንታሁን በቀጣዩ አርብ መጣ፤ ከዚያ በኋላም አልቀረም። ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። አባ ዘለቀ በሠርጉ ላይ ሳይጠይቁ ሙሽራ እንዴት እንደተሰጣቸው ለሰማም ላልሰማም ደጋግመው ተናገሩ። ሊጋው ግን ደስ አላለውም፤ ባልና ሚስት ሁለት ቡድን ይዘው ተጫዋች ቢቀባበሉ ማን ይከለክላቸዋል ብለው ተቃወሙ። ትክክል ናቸው። አሁን አንድ ቡድን ነው ያለን፤ ክርክሩ ግን ሁለት ቡድን ከነበረን ጊዜ ይልቅ በርትቷል።

ባቡሩስ? አልተነሳም። መንገድ ከፋቾቹ ተመለሱ፣ ኳሱም ተሰጠው፤ እሱ ግን ዓመቱን በሙሉ እንደተንገዳገደ ጨረሰ። በኋላ እንደተሰማው፣ ከመጀመሪያው ጉልበቱን ያመው ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። ጤና ነው ያልኩት ጤና ነው ስለተባለ ነው። አሽዶድ ተቀምጬ የአሜሪካ ሰው ጉልበት መጠየቅ አልችልም።

እዚህ ላይ ነው እናንተን አንባቢዎቼን ላነጋግር የፈለግሁት። ከዚያ ወዲህ በሥራዬም በቤቴም የተለወጠብኝ አንድ ነገር ነው። ስለማላውቃቸው ሯጮች በየሳምንቱ ሳጣራ፣ በአጠገቤ ስላሉት ሰዎች ግን አንዴ በሰጠሁት ፍርድ እኖር ነበር። ፈንታሁን ለእኔ ተከራካሪ ነበር፤ በቃ። እናቴ ተስፋ የቆረጠች ነበረች፤ በቃ። ራሴንም ያለቀለት ፋይል አድርጌ ዘግቼ ነበር። ሦስቱንም ተሳስቻለሁ፤ ሦስቱም ደግሞ እንደ ባቡሩ ሩቅ አገር አልነበሩም። አንዷ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበረች፣ አንዱ በየቀኑ ይጽፍልኝ ነበር፣ አንዷ እኔው ነኝ።

ዛሬም ማን እንደሚነሳ መተንበይ እወዳለሁ። ግን አበቃለት ያላችሁት ሰው ቅርባችሁ ካለ መተንበዩን ተዉት፤ ሂዱና ጠይቁት። ጥያቄው ትልቅ መሆን የለበትም። እኔ በካፊያ ውስጥ የአንድ ሰው መኪና መስኮት አንኳኩቼ ስለ ወገቡ ነበር የጠየቅሁት፤ የወረድኩት ግን «ሽማግሌዎችህን ይዘህ ሂድ» ብዬ ላሰናብተው ነበር።